የአብዱራህማን የመኪና መግቢያ

የአይሱዙው የኋላ ጎማ ሲሰጥም አብዱራህማን መሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ ጎማው የፈነዳ መሰለው። ቀጥሎ መሬት የተንቀጠቀጠ መሰለው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ሲመለከት ግን ያየውን ማመን አቃተው፤ በገዛ እጁ ያፈሰሰው፣ ጎረቤት ሁሉ አይቶ ያደነቀለት ኮንክሪት መሀሉ ላይ ተሰብሮ ጎማውን እስከ ግማሹ ውጦታል። ከአንጋጫ የጫነው ድንች ከነጆንያው ወደ አንድ ጎን አጋድሏል።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" አለ።

ሚስቱ ነፊሳ ድምፁን ሰምታ ከቤት ሮጣ ወጣች። እሱን አላየችውም፤ ጭነቱንም አላየችም። የምታየው ቀዳዳውን ነበር። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። አብዱራህማን ለእሱ የደነገጠች መስሎት ከመኪናው ወርዶ፣ "አይዞሽ፣ ምንም አልሆንኩም፣" አላት።

"እንዳትቆፍረው!" አለች ነፊሳ። "ላዩን በሲሚንቶ ድፈነው፣ በቃ።" ይህን ብላ ፊቷን አዙራ ገባች።

ባልየው በዚህም ደነገጠ። መኪና ሊገለበጥ ነው፣ ድንች መሬት ሊፈስ ነው፣ ሴትየዋ ስለ ሲሚንቶ ታወራለች!

ስለ ኮንክሪቱ ከማውራት በፊት ስለ ሰውየው ማውራት ይሻላል፤ አንዱ ያለ አንዱ አይገባም። አብዱራህማን ከቦኖሻ ወዲህ ካለ ገጠር ተነስቶ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም በጭነት መኪና ረዳትነት ሆሳዕና የገባ ሰው ነው። ጎማ ሲፈታ፣ ሸራ ሲያስር፣ ከኋላ ቆሞ "ና! ና! በቃ!" እያለ መኪና ሲያስገባ አደገ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ለሰው ነዳ፤ ከስንት ዘመን በኋላ የራሱን አሮጌ አይሱዙ ገዛ። ታማኝ ነው፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ ደራሽ ነው፣ ሚስቱንና ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያል። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ሰው ተቀምጦ ሲመካከር እሱ ነገሩን ጨርሶ ይጠብቃል።

በተለይ ነፊሳ ከቤት ስትወጣ እጁን ይበላዋል። እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ የቤቱ ግድግዳ እንዳለ አረንጓዴ ተቀብቶ ጠበቃት። ሌላ ጊዜ ሠርግ ውላ ስትመጣ ላሚቱ ተሸጣ፣ በምትኳ አንድ ግዙፍ ቁም ሣጥን ሳሎኑን ሞልቶት አገኘችው፤ በበሩ አልገባ ስላለም መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቅሎ ነበር። "ላስደንቅሽ ብዬ ነው፣" ይላታል ሁልጊዜ። እውነትም ትደነግጣለች። ለአብዱራህማን ማስደንገጥና ማስደሰት አንድ ነበሩ፤ ልዩነቱን የነገረው ሰው አልነበረም።

የዚህ አመሉ ቁንጮ ኮንክሪቱ ነው። ልጃቸው ረምላ ስምንተኛ ክፍል ሳለች የነፊሳ እናት፣ እማማ ሳሊሃ፣ ቦኖሻ ላይ በድንገት አረፉ። አብዱራህማን አማቱን ቀብሮ፣ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ሥራ ጠርቶት ነፊሳን እዚያው ትቷት ተመለሰ። ግቢው ሲገባ ከበሩ እስከ ጓሮው መጋዘን ያለው መሬት ባዶውን ተዘርግቶ ጠበቀው። እዚያ የነበረው እንሰት በቅርቡ ተቆርጦ ተፍቆ ነበርና የቀረው የኮባ ቅጠልና ርጋፊ ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር መኪናው እዚያ ቀይ ጭቃ ላይ እየተያዘ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲገፋለት ኖሯል። "በቃ፣ ጊዜው አሁን ነው!" አለ። አሸዋና ጠጠር በራሱ መኪና አመላለሰ፤ ሾፌር ጓደኞቹን ሰበሰበ፤ ሲያቦኩና ሲያፈሱ ሰነበቱ። ነፊሳ የተመለሰች ዕለት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ኮንክሪቱ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ነፊሳ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። "አማረ፣" አለች፤ ሌላ ሳትጨምር ወደ ቤት ገባች። "ደስታው ቃል አሳጣት!" እያለ አብዱራህማን ይህንን ያላወራበት ሻይ ቤት የለም።

ኮንክሪቱ ግን ውሎ አድሮ ጉዱን ማሳየት ጀመረ። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ መሀሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። ነፊሳ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሲሚንቶ አቅጥነህ ሙላው፣" አለችው፤ ሞላው። ስንጥቁ ተመልሶ ጣት የሚያስገባ ሆነ፤ ደግሞ ሞላው። ቀጥሎ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ የዝናብ ውሃ አቆረና የጎረቤት ዶሮዎች ይጠጡበት ጀመር። አብዱራህማን "ሲያረጅ ያለ ነው፣" እያለ አለፈው። አሁን ግን ጎማ ገባበት፤ ያውም መቼ? ረምላን የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከዳምቦያ ሊመጡ ሲሰናዱ! ሽማግሌ ወደ ሳሎን የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። የሙሽሪት አባት ደጃፍ ላይ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ሲያዩ ምን ይላሉ?

ጎረቤቱ መምህር ኤሊያስ ድንቹን አብሮ ካወረደና መኪናውን ካስወጣ በኋላ ቀዳዳውን ጎንበስ ብሎ አየ። "አብዱ፣ ይሄ ነገር ጥገና የሚቀበል አይመስለኝም። አንዴ አፍርሰህ እንደ አዲስ አስፈስሰው፣" አለ።

ምክሩ ደግ ነበር። አብዱራህማን ግን "አፍርሰህ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ደሙ ፈላ። መኪናውን የሠራው ሌላ፣ ቤቱን የሠራው ሌላ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ በራሱ እጅ ሠርቶ ለሰው የሚያሳየው ነገር ቢኖር ይህ ኮንክሪት ነው። አፈረሰው ማለት "አልቻልኩበትም ነበር" ብሎ ለሰፈሩና ለሽማግሌዎቹ ማወጅ ነው። ሚስቱ ይጠገን ማለቷ አጽናናው፤ አንድ ነገር ብቻ ገረመው። ነፊሳ የተጣፈ ነገር አትወድም። የተሰነጠቀ ብርጭቆ እንኳ ቤቷ አያድርም። ታዲያ ለዚህ ስንጥቅ ሲሆን ምነው እንዲህ ጠበቃ ቆመችለት?

በማግስቱ ግንበኛው ቲቶ መጣ። ቲቶ ሥራ ሲጀምር ፊልም እንደሚያይ ሰው ዝም የሚል የከምባታ ልጅ ነው። መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ኮንክሪቱን ከዳር ጀምሮ መታ መታ እያደረገ ሄደ። ዳሩ ላይ ድምፁ ደረቅ ነው። መሀል ሲደርስ እንደ ከበሮ አስተጋባ።

"ጋሼ፣ ሥሩ ባዶ ነው፣" አለ ቲቶ።

"እንዴት ባዶ ይሆናል? በድንጋይ ሞልቼዋለሁ እኮ!"

"እኔ ምን አውቄ። ባዶ ላይ ብለጥፍልዎ ነገ ደግሞ ይሰጥማል። ከፍተን እንይ። ጉዳቱ እዚህች ጋ ብቻ ከሆነ እንጠግነዋለን፤ ወደ ዳር ከሄደ ሁሉም ይነሳል።"

ነፊሳ ከረምላ ጋር ገበያ ልትወጣ ዘንቢል ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ይህን ስትሰማ ተመለሰች። "አይከፈትም፣" አለች።

"ለምን?" አለ አብዱራህማን።

"እስክመለስ ማንም እንዳይነካው። ስመለስ እንነጋገራለን።"

በትዳር ዘመናቸው ነፊሳ "አይሆንም" ብላው አታውቅም። ምን ነካት? ጤና የላትም እንዴ? ግን ሴቶቹ ወጥተው በሩ እንደተዘጋ ያ የድሮ አመል እጁን ይበላው ጀመር። እስኪመለሱ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተደፍኖ፣ ላዩ ተለስልሶ ቢጠብቃትስ? "በል ቲቶ፣ ቶሎ በል፣ ሳትመጣ እንጨርሰው፣" አለ።

ቲቶ ዲጂኖውን በስንጥቁ አስገብቶ ሲያነሳው የኮንክሪቱ ቁራጭ እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለ። ከሥሩ ድንጋዩ ወደ ታች ወርዷል፤ በድንጋዩና በኮንክሪቱ መሀል ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ። ድንጋዩን ሲያነሱት ደግሞ አፈር አልነበረም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ድርብርብ ብሎ የተነጠፈ ነገር ነበር። ቲቶ በዲጂኖው ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው የሚኮመጥጥ ከባድ ሽታ ከመሬት ወጥቶ ፊታቸውን መታው።

ቲቶ ዲጂኖውን ጥሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር ድሮ የማን ነበር?"

"የገበሬ መሬት ነበር።"

"የቤተሰብ መቃብር ነበራቸው?"

የአብዱራህማን ፀጉር ቆመ። በዚያ አገር ገበሬ ዘመዱን ከደጁ ሳያርቅ ነው የሚቀብረው፤ ከተማው ሲሰፋ አጥር የታጠረበት መቃብር እንዳለ ማን ያውቃል? "መቃብር ላይ ነው መኪና ሳቆም የኖርኩት?" አለ። "አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!" ኤሊያስ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ አይቶ እሱም ፊቱ ተለወጠ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለ። "አትንኩት። መጀመሪያ ለቀበሌ እንንገር።" አብዱራህማን ደግሞ የመስጊዱን ኢማም አስቀድመን እንጥራ አለ። ሦስት ወንዶች በጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው ይርበደበዱ ጀመር። ሦስቱም ያደጉት በዚህ ነገር ነው፤ ሦስቱም ትናንት ማታ ሳይበሉት አልቀሩም፤ ግን በሳህን እንጂ በጉድጓድ አያውቁትም።

ነፊሳ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀና ቲማቲሙ ኮንክሪቱ ላይ ተንከባለለ። ማንንም ሳታነጋግር ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች፤ የጠቆረውን ቅጠል በእጇ ንብርብሩን እየለየች ገለጠችው፤ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ አወጣች። መዳፏ ላይ የያዘችው ከላይ እንደነበረው ጥቁር አልነበረም። ገርጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ የታመቀ ነበር።

"ሥሩ ደህና ነው፣" አለች በሀድይኛ፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። "የእናቴ ዋሳ። ሥሩ ደህና ነው።"

ዋሳ ማለት ቆጮ ነው፤ እንሰቱ ከተፋቀ በኋላ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፣ ዓመታትም ይቆያል። ኤሊያስ እፎይ ብሎ ሳቅ ሊል ሲል የነፊሳን ፊት አየና ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ።

አብዱራህማን ነገሩ ቶሎ አልገባውም። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። የት እንደተፋቀ፣ የት እንደተቀበረ፣ መቼ እንደሚወጣ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ጨዋ ወንድ አይጠይቅም። እሱም ጨዋ ነበርና ጠይቆ አያውቅም። የቤቱ የቆጮ ጉድጓድ ድሮ ከአጥሩ ሥር እንደነበር ብቻ ነው የሚያውቀው።

"የአጥሩ ሥር ውሃ ማስገባት ጀምሮ ነበር፣" አለች ነፊሳ፣ መዳፏን እያየች። "እናቴ ከቦኖሻ የመጣችው ለዚህ ነበር። እንሰቱን ራሷ ናት የተከለችልኝ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ። አብረን ፋቅነው። አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረችኝ፤ ቅጠሉን በእጇ አነጠፈች፤ ድንጋዩን ከላይ በእጇ ደረደረች። ወደ ቤቷ ሄደች፤ ከዚያ መርዶዋ መጣ።"

ድንጋዩ! አብዱራህማን ክው አለ። ያን ቀን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አንድ ቦታ አምረው ተደርድረው አግኝቶ፣ "አላህ ለሙሌት የሚሆነኝን ከጓሮዬ ሰጠኝ" ብሎ መደሰቱ ትዝ አለው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ጨምሮበት፣ ኮንክሪት ደፍቶበት፣ ጫማውን አውልቆ ቆሞበታል። ሰው አማቱን ቀብሮ ተመልሶ የእጇን ሥራ ይቀብራል?

"ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?" አለ፣ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖበት።

"አብረውን የፋቁት ሴቶች ያውቃሉ። ገነቴም ታውቃለች።"

ገነቴ የኤሊያስ ሚስት ናት። አሁን የሚደነግጠው ተራ የኤሊያስ ሆነ። "የኛዋ ገነቴ? ለእኔ ምንም አላለችኝም!" አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ በዚያ ኮንክሪት ላይ ሲመላለስ ምን እንደሚረግጥ ሲያውቅ፣ ባለቤቱ ብቻ በሻይ ቤት ሲያወራ ኖሯል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ አብዱራህማን፤ ድንጋጤው ቁጣ ሊሆን ዳር ደርሶ። "ይህን ሁሉ ዓመት! ድፈነው፣ ሙላው፣ እያልሽ! ጉዴን እንድታዪ ነው?"

"እንዳታየው ነው፣" አለች ነፊሳ። "ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፣ በሩ ላይ። በባዶ እግርህ ቆመህ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብነግርህ ምን ይጠቅማል አልኩ።" ቀና ብላ አየችው። "የረምላ አባት፣ ያን ቀን ብነግርህ ታፈርሰው ነበር?"

"አዎ" የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሊለው ሲል ግን ያን ዕለት ሊላት የሚችለውን ነገር ጆሮው ውስጥ ሰማው፤ በራሱ ድምፅ፣ እየሳቀ፤ "ቆጮ ነው እንዴ? ሞኝ! ገበያ ሞልቶ፣ እኔ እገዛልሽ የለ?" ይህን ነበር የሚላት። ሌላ ነገር አይላትም ነበር። ጎማው ሲሰጥም ደንግጦ ነበር፤ መቃብር መስሎትም ደንግጦ ነበር፤ ይህኛው ድንጋጤ ግን ከውስጡ የመጣ ነበርና መሸሻ አጣለት።

"አላፈርሰውም ነበር፣" አለ።

"አውቃለሁ፣" አለች ነፊሳ። አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ የባሰ አስፈራው።

"ግድግዳውስ? አረንጓዴው?"

"አረንጓዴ ወድጄ አላውቅም።"

አብዱራህማን ስለ ላሚቱ ሊጠይቅ ብሎ ፈራ። በትዳሩ ሙሉ "አማረ" ያለችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ብዙ ነበሩ። ምን ያህሉ እውነት እንደነበረ ማወቅ አልቻለም። አብራው ያረጀችው ሴትዮ በዚያች ቅጽበት የማያውቃት ሰው መሰለችው፤ ይህ ከሁሉ አስደነገጠው። እሷን ለማስደነቅ ሲሮጥ ኖሮ ቆሞ አይቷት አያውቅም ነበር።

ረምላ ሳፋ ይዛ መጣች። እናትና ልጅ የላዩን የተበላሸ እየለዩ፣ ደህናውን ወደ ሳፋው ይገለብጡ ጀመር። ወንዶቹ ማየት እንደሌለባቸው ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ሳፋው ሞልቶ ረምላ ወደ ቤት ስታስገባው ቲቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ይሁን? ሞልተን እንጠግነው ወይስ ሁሉንም እናንሳው?"

አብዱራህማን እንደ ልማዱ መልሱን ይዞ አፉን ከፈተ። ዘጋው።

"እሷን ጠይቃት፣" አለ።

ቲቶ ወደ ነፊሳ ዞረ። "እትዬ ነፊሳ፣ ምን እናድርገው?"

ነፊሳ ደነገጠች። ሌላ ነፊሳ የምትባል ሰው ከኋላዋ የቆመች ይመስል ዞር ብላ አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ባሏን አየችው፤ ጉድጓዱን አየችው። ስለዚህ ግቢ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ላስብበት፣" አለች።

"ሽማግሌዎቹ ግን ቅዳሜ…" ብሎ ጀመረ ኤሊያስ።

"ታስብበት፣" አለ አብዱራህማን።

ነፊሳ ገባች። ቲቶ ዕቃውን ሰበሰበ፤ ኤሊያስም ገነቴን ሊያናግር ወደ ቤቱ ሄደ። አብዱራህማን የተሰበረው ኮንክሪት ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መጠበቅ አያውቅበትምና እጁን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።